ቁጥሩ የምኑ ነው?

በእጅ የሚያዘውን የአየር መለኪያዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስሠራ፣ የተናኝ ኬሚካሎችን መጠን የሚያሳየው ቁጥር በድንገት አሻቀበ። መስኮት ከፍቼ ምንጩን ብፈልግ ባጣው፣ ኋላ ላይ ትዝ ያለኝ ከደቂቃ በፊት እጄን ያሸሁበት ሳኒታይዘር ነበር። አልኮልም ተናኝ ስለሆነ መሣሪያው ሥራውን ሠርቷል፤ ቁጥሩን በቀጥታ የመርዝ ልክ አድርጌ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

በርካሾቹ መለኪያዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው፣ በጥቂት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚግል የቲን ኦክሳይድ ስስ ንጣፍ ነው። ጋዝ ሲነካው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይለወጣል፤ የሚነበበውም ይህ ለውጥ ብቻ በመሆኑ የአልኮልን ትነት ከቀለም ማቅጠኛ ትነት አይለይም። ባለሙያዎች የሚይዙት በአልትራቫዮሌት መብራት የሚሠራው ውድ መለኪያም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። የተለመደው መብራቱ የብርሃኑ ኃይል 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት (የሞለኪውሎች ኃይል የሚለካበት አሃድ) ስለሆነ፣ ኤሌክትሮኑን ለማጣት ከዚያ ያነሰ ኃይል የሚበቃውን ሞለኪውል ሁሉ ደርቦ ይቆጥራል፤ ሚቴን ግን 12.6 ገደማ ስለሚፈልግ፣ በሚቴን በታፈነ ክፍል ውስጥ እንኳ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ሳያውቁ ወደ ጉድጓድ መውረድ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በተሽከርካሪ ጭስ ውስጥ ለሚገኘው ጋዝ፣ ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ የምመርጠው ኤሌክትሮኬሚካል ሴል ነው፤ ጋዙ ኤሌክትሮዱ ላይ ሲደርስ ከመጠኑ ጋር የሚመጣጠን፣ እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። ሴሉ ለኦዞንም ምላሽ ስለሚሰጥ አምራቾች ከፊቱ ማጣሪያ ያደርጉለታል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጡም ንባቡ ይዛነፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጋዝ ያወጣው የ24 ሰዓት አማካይ የመመሪያ ልክ በሜትር ኩብ 25 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከቢሊዮን 13 እጅ ገደማ ነው። ያልተስተካከለ ርካሽ ሴል ስህተቱ ብቻውን ከዚህ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በአንድ ንባብ ተነስቶ «አየሩ ንጹሕ ነው» ወይም «ተበክሏል» ብሎ መፍረድ አይገባም ባይ ነኝ።

እኔ የምተማመነው በንጽጽር ነው። ከመነሳቴ በፊት መሣሪያውን ለግማሽ ሰዓት ደጅ አቆየዋለሁ፤ መነሻ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ሙቀቱን ከጻፍኩ በኋላ የሁለት የመኪና መንገዶችን አየር በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ቀን እየተመላለስኩ እለካለሁ። ቅጽበታዊ የሚባለው ንባብም ቢሆን ትንሽ ይዘገያል፦ የጭነት መኪና ጭሱን ለቆ ሲያልፍ ቁጥሩ ጫፍ የሚደርሰው መኪናው ከራቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ማስታወሻዬ ላይ የማሰፍረው ቁጥሩ የናረበትን ሳይሆን መኪናው በአጠገቤ ያለፈበትን ሰዓት ነው።