«እኔ እዚህ ብር አላትምም!» አለች ድመቷ

«አንተ ምን አለብህ! ልጅህ አሜሪካ ነው የምትማረው፤ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር፣ ያውም በነፃ!»

ይህን የድምፅ መልእክት በቴሌግራም የላከልኝ አብሮ አደጌ ነው። አዳማ ይኖራል። ሁለት ልጆች አሉት። ዲቪ በየዓመቱ ሲሞላ ኖሯል፤ አልደርስ ሲለው ደግሞ ቤቱን ሸጦ በደላላ ሊመጣ አስቧል። ለምን ስትሉት «ለልጆቼ ትምህርት ስል» ነው መልሱ። እኔም ስወጣ ይህንኑ ነበር ያልኩት፣ ስለዚህ አልፈርድበትም። ግን ስለዚህ በነፃ ስለሚባለው ትምህርት የማውቀውን ልንገረው፤ እናንተም ስሙ።

ነፃ መሆኑ እውነት ነው። ልጆች ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል እየሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚለማመዱበት ስክራች የሚባል ድረ ገጽ አለ። ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮፌሰር ሚቸል ሬዝኒክና ቡድኑ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያወጡት ነው። ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ሲሆን፣ ሕፃናቱ ደግሞ ስክራች ጁኒየር የሚባል የራሳቸው አላቸው። ልጁ ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተር የሚሰጠውን የጽሑፍ ትእዛዝ፣ አይጽፍም። ባለቀለም ብሎኮች እየጎተተ ያገጣጥማል፤ አንዱ ሂድ ይላል፣ አንዱ ዙር፣ አንዱ ይህን ድምፅ አሰማ። አረንጓዴዋን ባንዲራ ሲነካት የሠራው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ሲከፈት መጀመሪያ የምትቀበለው አንዲት ብርቱካናማ ድመት ናት። ይህችን ድመት ያዙልኝ።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። እዚህ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ትምህርት ቤቷ ወላጆችን ጠርቶ የልጆቹን ሥራ የሚያሳይበት ምሽት አዘጋጀ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ግጥም አድርጌ ሄድኩ። ሌላው ወላጅ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ነው የመጣው። እኛ እንግዲህ ወላጅ አምጣ የሚባለው ወይ ለሽልማት ነው ወይ ለጥፋት፤ ለሁለቱም ይለበሳል።

መምህርቷን ሰላም ብዬ «ስንተኛ ወጣች?» አልኳት። ግራ ገባት። እዚህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ልጅ የሠራው ኳስ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄድና ይጠፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። «ዋው» ተባለ፣ ተጨበጨበ። እኛ ቤት ዘጠና ስምንት ይዘህ ስትመጣ «ሁለቷ የት ሄደች?» ነበር የምንባለው።

የእኔ ልጅ ጠረጴዛ ጋ ደረስን። ባንዲራዋን ነካሁ። ድመቷ ጥለት ያለው ነጠላ ለብሳ ብቅ አለች፤ ልጄ ራሷ ናት የሳለችው። ከኋላዋ ጀበናና ሲኒ ተደርድሯል። ደረቴን ነፋሁ። ሰዉም ተሰበሰበ። ከዚያ ድመቷ አፏን ከፍታ፣ በእኔ ድምፅ፣ አዎ በገዛ ድምፄ፣ «ሄሎ! ሄሎ! ይሰማሃል? ባለፈው የላክሁት የት ገባ? እኔ እዚህ ብር አላትምም!» ብላ ጮኸች።

ለካ ስክራች ውስጥ ድምፅ መቅጃ አለ። ሳሎን ተቀምጬ ከወንድሜ ጋር በስልክ ስጯጯህ ልጅቷ ጥጓን ይዛ ስትቀዳኝ ነበር። ድመቷን በነኳት ቁጥር እንደገና ትጮኻለች። ልጆቹ ተሰልፈው ነኳት። ፈረንጆቹ ወደዱት። መምህርቷ ምን እያለች እንደሆነ ስትጠይቀኝ «የአገራችን ሰላምታ ነው» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ!

ይህኔ ከኋላዬ የአንዲት ሴት ሳቅ አመለጠ። ዞር ስል ሐበሻ ናት። «አይዞህ ወንድሜ፣ እኛም ቤት ሰላምታው ይኸው ነው» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንድ የሳልቫዶር ልጅማ ተለማምዶት ኮሪደሩን «ብር አላትምም! ብር አላትምም!» እያለ ዞረው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ዛሬም ዕቁብ ካዘገየሁ «ድመቷ ምን አለች?» ይሉኛል።

የባሰው ግን ማታ ቤት ገብተን ነው የመጣው። ልጅቷ ሥራዋን ለሕዝብ አጋርታዋለች። ስክራች ላይ አንዴ ካጋራህ፣ የትም አገር ያለ ልጅ ከፍቶ ያየዋል፤ ወስዶም የራሱን ይጨምርበታል። ይሄ ሪሚክስ ይባላል። እኛ ኩረጃ ብለን የተገረፍንበት ነገር እዚህ ቁልፍ ተሠርቶለታል፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ሠሪ ስም አብሮ መጠቀሱ ነው። አንዱ ድመቷን በውሻ ቀይሮ ድምፄን እንዳለ ትቶታል። ልጄ ሰው ሪሚክስ አደረገልኝ ብላ ትፈነድቃለች። የእኛን ብናወርደውም የውሻው እዚያው ቀረ። ስለዚህ አንድ የማላውቀው አገር ውስጥ አንድ ውሻ ስለ ሐዋላ እየጮኸ ነው።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጃችሁ ስትመዘገብ እውነተኛ ስሟን መጠቀሚያ ስም አታድርግ፤ ድረ ገጹ ራሱ ይህን ይመክራል። ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ስም፣ ስልክ አይገባም። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ላይ መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቷል። ሕጉ ግን እናንተ ሌሊት ሥራ ላይ እያላችሁ ልጅ የእናንተን ኢሜይል ከፍቶ «እሺ» ሲል አያይም። «ነፃ» ብሎ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቃችሁን ደግሞ ወዲያው ዝጉት። የነፃ ሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ዝም ብሎ ከሒሳባችሁ መቁረጥ ይጀምራል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። እዚህ ልጄ የምትከፍተው ድረ ገጽ አዳማም ይከፈታል። ካን አካዳሚ የሚባለውን የትምህርት ድረ ገጽ ሳልማን ካን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ሩቅ ከተማ ያለች ዘመዱን ሒሳብ ሲያስጠና ነው። እሱም የስደተኛ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡ ከቤንጋል። ዛሬ ሒሳቡ ከመቁጠር እስከ ካልኩለስ እዚያ አለ፣ ሳንቲም አይጠይቅም። ፌት የሚባለው፣ የሳይንስ ሙከራ በኮምፒውተር የሚሠራበት ድረ ገጽ፣ ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተው። ባትሪና አምፖል በሽቦ አገናኝተህ መብራቱን ታያለህ፣ ሽቦውን አሳስተህ ካገናኘኸው እሳት ይነሳል፣ ጣት ግን አይቃጠልም። እኔ የኤሌክትሪክ ትምህርት የተማርኩት ሰሌዳ ላይ በተሳለ አምፖል ነው፤ አንድ ቀን በርቶ አያውቅም።

ደግሞ ስክራች በአማርኛ አለ። የቋንቋ ምርጫው ውስጥ ግባ፣ «አማርኛ» በፊደላችን ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ ብሎኮቹ ይቀየራሉ። እልል ብዬ ልጄን ጠራኋት። ማንበብ አቃታት። «ሀ»ን ታውቃለች፣ «ለ»ን ታውቃለች፣ ከዚያ በኋላ በግምት ነው። ያንተ ልጆች ያለማንም እርዳታ ያነቡታል።

ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፣ ዳታው ውድ ነው፣ መብራት ይጠፋል ትለኛለህ። እውነትህን ነው፣ ይሄን በምክር አልሸፍነውም። እዚህ ትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ያውሳል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው፣ ዋይፋዩ አይቋረጥም። የሚቋረጠው ወላጁ ነው። እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ እናቷ ቀን፤ በር ላይ ነው የምንተላለፈው። ልጅ ከስክሪን ጋር ብቻዋን ትውላለች። ያንተ ልጆች ቢያንስ ቤት ውስጥ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» የምትል አያት አለቻቸው፤ ኮምፒውተር ባታውቅም ዝምታቸው ሲበዛ ትጠረጥራለች።

ዲቪ ከደረሰህ ና፣ ኤርፖርት እቀበልሃለሁ። ደላላው ግን «እዚያ ልጆችህ በነፃ ይማራሉ» ሲልህ፣ ነፃው ነገር ስልክህ ውስጥ መሆኑን፣ የሚከፈለው ደላላው ለሚወስድህ የጫካ መንገድ መሆኑን አስብ። በዚያ መንገድ ልጅ ይዞ አይወጣም። ቤትህን አትሽጥ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼልሃለሁ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የስክራች ፕሮግራም ጭኜበታለሁ፣ የፌት ሙከራዎችንም እንዲሁ። ለፋሲካ የሚገባ ሰው አለ፣ በእጁ ይዞልህ ይመጣል። ሻንጣው ሞልቷል፣ ሌላ ዕቃ እንዳታዝ። ሶኬቱ የአሜሪካ ስለሆነ መቀየሪያ ከዚያው ግዛ። ልጆቹን ደግሞ ተራ አስይዛቸው፤ ትልቁ ብቻውን እንዳይዘው።