«ሃልፍ ድሪ» ስንት ሰዓት ነው? የሆላንድኛ ቃላትን ለሀገሬ ልጆች ሳስረዳ የተማርኩት

የሐኪም ቀጠሮ ነበር። እትዬ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤቴ ስልኩን አቀበሉኝ። ሆላንድ ከገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፤ ግን ቋንቋ ታውቃለች ተብያለሁ። ከወዲያ ያለችው ሴት «ሃልፍ ድሪ» አለች። ሃልፍ ግማሽ፣ ድሪ ሦስት። ሦስት ተኩል ብዬ ያዝኩት። በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ተኩል መሆኑ ነው። በትልቁ ጽፌ ሰጠኋቸው።

እትዬ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከች አሉ። ቀጠሯቸው ካለፈ ግን አንድ ሰዓት ሆኖታል። ሆላንዶች «ሃልፍ ድሪ» ሲሉ ወደ ሦስት ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለታቸው ነው። ሁለት ተኩል፤ በእኛ ስምንት ተኩል። «አይዞሽ ልጄ፣ ሌላ ቀን ይሰጡኛል» አሉኝ። ያ «አይዞሽ» ነው ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ።

በነጋታው ደብተር ገዛሁ። በምንኖርባት ከተማ በአልሜር አዲስ የሚመጡ ሐበሾች አሉ፤ የሚጠይቁኝም ስለ ሰዋስው አልነበረም። «እንዲህ አሉኝ፤ ምን ማለታቸው ነው?» ነው ጥያቄያቸው። በግራ ሆላንድኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ጻፍኩ። ብዙም አላስኬደኝም። ለምሳሌ «ሃውስአርትስ» ቃል በቃል የቤት ሐኪም ነው፤ እኔም እንደዚያው ጻፍኩት። አንድ ልጅ ትኩሳት ይዞት ሐኪሙ ቤት ድረስ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ዋለ። ማለት የነበረብኝ ይሄን ነው፦ መጀመሪያ የሚያይህ የሰፈርህ ሐኪም፤ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ወደ ሆስፒታል የሚልክህም እሱ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ረድፍ ጨመርኩ፦ ማን፣ ለማን፣ ምን ሲሆን ይለዋል? ደብተሩ ያኔ ነው ደብተር የሆነው።

በጣም ያለፋኝ «ኸዜሊኽ» ነው። (ድምፁን ከጉሮሮ ማውጣት ያስፈልጋል። ትግርኛ ተናጋሪዎች በእሱ ይቀድሙናል፤ ኸን አሁንም ከጉሮሮ ነው የሚያወጡት።) ቡና ቤቱ ኸዜሊኽ ነው፤ ማታው ኸዜሊኽ ነበር፤ አክስቴ ኸዜሊኽ ናት ይላሉ። መጀመሪያ «ደስ የሚል» ብዬ ጻፍኩ። ታዲያ አንዷ ሴት ሱቅ ገብታ አዲስ ጃኬት ኸዜሊኽ ነው ብላ ሻጯን ግራ አጋባቻት። ጃኬት ብቻውን ኸዜሊኽ አይሆንም። ቃሉ ሰው ይፈልጋል፤ ወይም ቢያንስ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ።

ሥሩን ስፈልግ «ኸዜል» አገኘሁ፤ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ ማለት ነው። የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ደግሞ ከአንተ ጋር አንድ አዳራሽ፣ አንድ ክፍል የሚጋራ ሰው ነው። ይሄን ሳነብ ብድግ አልኩ። ባልንጀራ! እኛ ወዳጅን የጠራነው በምንካፈለው እንጀራ ነው፤ እነሱ በሚጋሩት ቤት። ከዚያ በኋላ ኸዜሊኽን ሳስረዳ ትርጉም መስጠት ተውኩ። ከባልንጀራ እጀምራለሁ። ከዚያ ቡና የተፈላበትን ቤት አሳያለሁ፦ ሦስተኛው ሲኒ እየተቀዳ ማንም ለመነሳት የማይቸኩልበትን ሰዓት። ገባን ይሉኛል። ጃኬት ኸዜሊኽ ነው ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

«ፖልደር» ደግሞ በመስኮት የሚታይ ቃል ነው። ውኃው ተመጥጦ የወጣለት፣ በግድብ የታጠረ መሬት። እኛ ያለንበት ደቡብ ፍሌቮላንድ ውኃው ወጥቶለት የደረቀው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እኔ ወጥ የምሠራበት ቦታ ላይ ጀልባ ይሄድ ነበር። ሰዎችን ወደ ግድቡ እወስዳቸዋለሁ። በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላ በኩል መንደሩ፤ መንደሩ ከሐይቁ ዝቅ ብሎ ይታያል። ያኔ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዝም ይላሉ።

ከዚህ የወጣ ግስ አላቸው፦ «ፖልደረን»። መጀመሪያ «ደቦ» ብዬው ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ደቦ ሥራ ነው፤ ፖልደረን ከሥራው በፊት ያለው ንግግር ነው። ሁሉም ወገን ተቀምጦ፣ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ፣ እስኪስማማ ይነጋገራል። ሽምግልናም አይደለም፤ የተጣላ ሰው የግድ አይኖርም። ምክንያቱ ውኃው ነው። የአንዱ ገበሬ ግድብ ከተናደ የጎረቤቱም ማሳ ይሰጥማል። «ዊ ኒት ዊል ዳይከን፣ ሙት ዋይከን» ይላሉ፤ ግድብ የማይሠራ ቦታውን ይልቀቅ። ድሮ የድርሻውን ግድብ መጠበቅ ያቃተው ሰው አካፋውን ግድቡ ላይ ሰክቶ መሬቱን ትቶ ይሄድ ነበር። አካፋውን የነቀለ መሬቱንም ዕዳውንም ይወስዳል። በ1953 እ.ኤ.አ. ግድቦች ፈርሰው 1,836 ሰው ሞቷል። የሥራ ቦታ ስብሰባ ረዘመብን ለሚሉኝ ይሄን እነግራቸዋለሁ። ስብሰባው አያጥርም፤ ለምን እንደሚረዝም ግን ይገባቸዋል።

ቀላል ቃላትም አሉ። እኛ የኦቾሎኒ ቅቤ የምንለውን እነሱ «ፒንዳካስ» ይሉታል፤ የኦቾሎኒ አይብ። ቅቤ የሚለው ስም በሕግ ለእውነተኛ ቅቤ ብቻ የተጠበቀ ስለነበር ነው። ሃያ አራትን «አራትና ሃያ» ብለው ይጠሩታል፤ ስልክ ቁጥር ስትቀበሉ አንድ አንድ አኃዝ እየለያችሁ አስነግሩ። ሰዓት ከሆነ ደግሞ አስጽፉ። 14:30 ተብሎ ከተጻፈ ማንም አይሳሳትም።

ባለፈው ከላይ ያለችው ጎረቤታችን ሴት ልጅ ወለደች። ከእትዬ ጋር ልንጠይቃት ወጣን። ደረቅ ክብ ብስኩት ላይ ቅቤ ተቀብቶ፣ ሮዝና ነጭ ከረሜላ ተነስንሶበት ቀረበልን። ስሙ «በስኻውት ሜት ማውሸስ» ነው፤ ብስኩት ከትንንሽ አይጦች ጋር። አይጥ የተባለው በስኳር የተለበጠ የአኒስ ፍሬ ነው፤ ጭራ መሳይ ነገር አለው። እትዬ በእጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ደብተሬን አላወጣሁም። «ይሄ ገንፏቸው ነው» አልኳቸው።

እትዬ ወዲያው ጎረሱ። ከዚያ የእናቲቱን እጅ ይዘው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት በአማርኛ። እናቲቱ አይኗን ወደ እኔ አዞረች። ምን አሉኝ ነው ጥያቄዋ። ማርያም ማን እንደሆነች፣ ከምን እንደማረቻት፣ ለምን እኛ ለወላድ ሁሉ እንዲህ እንደምንል፣ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሆላንድኛ ስነግራት ቆየሁ።