ለአሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ መምረጥ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የእኔ ላፕቶፕ አምስተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የወጡ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። አልፎ የሚጭነው ባለሙያ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ በክራክ የኖርን ሰዎች መላ አናጣም። ዳሩ ግን 10ኛው ሲከፈት ቡና ተፈልቶ የሚደርስበት ማሽን 11ኛውን እንዴት ይሸከማል? ዊንዶውስን ተክቶ ኮምፒውተሩን ወደሚያንቀሳቅሰው ነጻ ስርዓት፣ ወደ ሊኑክስ፣ ፊቴን አዞርኩ።

ሥራዬ ትርጉምና ጽሕፈት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምርጫውን የወሰነው እሱ ስለሆነ ነው። «የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ ሰጪ ሞልቷል፤ ሁሉም የያዘውን ያሞግሳል። እኔ ለራሴ ያቀረብኩት ጥያቄ ጠበብ ያለ ነበር፤ ነገ ጠዋት ተነሥቼ በአማርኛ መጻፍ፣ ዋይፋይ መያዝና ሰነዱን ለደንበኛ ማድረስ እችላለሁ ወይ?

ለጀማሪ ከሚመከሩት የሊኑክስ ዓይነቶች ውስጥ ፌዶራን ሳልሞክረው ተውኩት። ጥሩ ስርዓት ነው፤ ነገር ግን በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፣ አንዱ እትም የሚደገፈውም 13 ወር ያህል ብቻ ነው። ኢንተርኔት በጥቅል ለሚገዛ ሰው ቢያንስ በየዓመቱ ስርዓቱን በሙሉ ማደስ ቀላል ወጪ አይደለም። ኡቡንቱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ችግር ሲገጥም መፍትሔው በቀላሉ የሚገኝለት ነው። ዋናው ገጽታው ግን ዊንዶውስ ለለመደ እጅ እንግዳ ነው፤ በ4 ጊጋባይት ራምም ትንፋሽ ያጥረዋል። ዞሪን መልኩ ያምራል፤ ከዊንዶውስ የሚመጣ ሰው ግር እንዳይለው ታስቦ የተሠራ ነው። 18ኛውን እትሙን ያወጣው ዊንዶውስ 10 በተሰናበተበት በዚያው ዕለት ነው፤ ሰዎቹ ገበያ ያውቃሉ። በእኔ ማሽን ላይ ግን መስኮት በተከፈተ ቁጥር መንቀርፈፉ አልቀረም።

የቀረው ሊኑክስ ሚንት ነው። በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለኡቡንቱ የተጻፈው መፍትሔ አብዛኛው ለእሱም ይሠራል፤ 22ኛው እትምም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይደገፋል። ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉ ሦስት ገጽታዎች አሉት። ሲናሞን የሚያምረው፣ ኤክስኤፍሲኢ ቀለል የሚለው ነው። (እትሞቹን በሴት ስም ይጠራሉ፤ ዊልማ፣ ዢያ፣ ዛራ። ዛራ የሚለውን ሳይ የሰፈራችን ልጅ የተጠራች መሰለኝ።)

ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በሌሊት ጥቅል አወረድኩት። ኔትወርክ መሃል ላይ ለሚቆረጥባችሁ በቶረንት ማውረድ ይሻላል፤ ከቆመበት ይቀጥላል፣ የወረደው መጉደል አለመጉደሉንም ራሱ ያረጋግጣል። ከዚያ ቬንቶይ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫንኩ። ፍላሹ ውስጥ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ዕቃችሁን አውጡ። የቬንቶይ ጥቅሙ፣ የወረዱትን የስርዓት ፋይሎች እንደ ማንኛውም ፋይል እየገለበጡ ብዙዎቹን በአንድ ፍላሽ መያዝ መቻሉ ነው። ላፕቶፑ ሲበራ በብዙዎቹ ኤፍ 12 (በኤችፒ ኤፍ 9) ተጭናችሁ ከፍላሹ እንዲነሣ ታደርጋላችሁ፤ የሚሞከረውንም ትመርጣላችሁ። ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ሙሉ ስርዓቱ ይከፈታል። ጫማን ለክቶ እንደመግዛት ነው፤ ይህን ሳያደርጉ ፎርማት ማስደረግ አያስፈልግም።

ሙከራው ላይ ጊዜ ውሰዱ። እኔ የፈተሽኩት ድምፅ፣ ካሜራ፣ የብርሃን መቀነሻ ቁልፎች፣ ክዳኑ ሲዘጋ ተኝቶ ሲከፈት መንቃቱን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋይፋይ ነው። ዋይፋዩ አልታየም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ የስልኩን ኢንተርኔት አጋራሁት፤ ሚንት ያለምንም ጥያቄ ተቀበለው። ቀጥሎ ሚንትን ሃርድ ዲስኩ ላይ ከጫንኩ በኋላ የድራይቨር ማናጀሩን (ለዕቃዎቹ ማሠሪያ የሚሆነውን ፕሮግራም የሚፈልገውን) ስከፍት ለዋይፋይ ካርዱ የሚሆነውን አቀረበልኝ፤ ጭኜ ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳበራው የጎረቤቶቼ ዋይፋይ ሁሉ ተደረደረ።

አሁን ወደ አማርኛው። ከተጫነ በኋላ ያለው ሚንት አማርኛን ማንበብ አይቸገርም፤ ለመጻፍ ግን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። አንደኛው መንገድ ከሶፍትዌር ማናጀሩ አይባስ የሚባለውን የመክተቢያ ፕሮግራምና ኤም17ኤን የተባለውን ተጨማሪውን ጭኖ፣ ከዝርዝሩ አማርኛ ሴራ (sera) የሚባለውን አጻጻፍ መምረጥ ነው። አጻጻፉ በድምፅ ነው። ትልቁ ቲ ጥን፣ ትልቁ ኤን ኝን፣ ኤክስ ደግሞ ሽን ይሰጣል። እጃችሁ በፓወር ግዕዝ ከሠለጠነ መጀመሪያ ላይ ይሰናከላል፤ የእኔ ጣቶች እስኪስማሙ ብዙ ተነጫንጬያለሁ። ሁለተኛው መንገድ ኪማን ነው፤ በሊኑክስ፣ በዊንዶውስም ሆነ በአንድሮይድ ስለሚሠራ አንዱን የአማርኛ አቀማመጥ በሁሉም ቦታ ለመያዝ ያመቻል። እኔ በሴራው ቀጥያለሁ።

አሮጌ ሰነዶች ሌላ ጣጣ አላቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን መለያ ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው፤ እኛም በእነሱ መጻፉን ለዓመታት ገፋንበት። እንዲህ ያለው ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሰነዱ አልጠፋም፤ የፎንቱን ፋይል ከድሮው ዊንዶውስ ገልብጣችሁ ሊኑክሱ ላይ ስትጭኑት ይነበባል። በዩኒኮድ ተጽፎ ፎንቱ ኒያላ የሆነ ሰነድ ደግሞ ችግር የለበትም፤ ኒያላ የዊንዶውስ ስለሆነ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ተተክቶ ይታያል። ነገር ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋና 12 ገጽ የነበረው 13 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ማተሚያ ቤት የምወስደውን ሁሉ በዎርድ ፋንታ ከምጠቀምበት ከሊብሬኦፊስ በፒዲኤፍ አወጣዋለሁ።

ማተሚያ ቤት ካልኩ አይቀር፣ ያልጠበቅሁት ጥቅም የተገኘው ከፍላሽ ነው። እዚያ የተሰካ ፍላሽ ፋይሎቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው መመለሱን የማያውቅ የለም። ያንን ፍላሽ ሚንት ላይ ስሰካው ሾርትከቶቹ ምንም ማድረግ የማይችሉ ትንንሽ ፋይሎች ሆነው ይታያሉ፤ ከጎናቸው ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር አለ፤ ሲከፈት እውነተኞቹ ሰነዶች እንዳሉ ተቀምጠዋል። እነሱን አወጣለሁ፣ ፍላሹን አጸዳለሁ፣ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። በዚህ ምክንያት በቢሮአችን የቫይረስ ሐኪም ተብዬአለሁ፤ ደመወዝ ግን የለውም።

ፍጥነቱን በተመለከተ ማጋነን አልፈልግም። ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ምንም ሳይከፈትበት 1 ጊጋባይት ገደማ ራም ይይዛል፤ ጽሑፍ መጻፍ ቅልጥፍ ያለ ነው። ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ከተከፈተ ግን 4 ጊጋባይት በየትኛውም ስርዓት 4 ጊጋባይት ነው። ሃርድ ዲስኩንም በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ) ሳልቀይረው ሲነሣ የሚወስደው ጊዜ ብዙም አላጠረም ነበር፤ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ኤስኤስዲው ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እሱን ግዙ።

በመጨረሻም ሒሳብ ሠራተኛ ሆናችሁ በፒችትሪ የምትሠሩ፣ ወይም ያለ አውቶካድና ፎቶሾፕ እንጀራችሁ የማይበላ ከሆነ ዊንዶውሱን አታጥፉ። ሚንትን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፤ ሲበራ የቱ እንዲነሣ ይጠይቃችኋል። ከመጫናችሁ በፊት ግን ሰነዶቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ዊንዶውሱ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን አጥፉ፣ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ባትሪውንም ሙሉ አድርጉ። የዲስክ ክፍፍል በሚካሄድበት ሰዓት መብራት ቢሄድ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ሁለቱንም ስርዓት ይዞ ሊቀር ይችላል።