ቁጭ ብላ የቀረችው ባጊዬ

የዕድሜ እኩዮቼ ስለ ደም ግፊታቸው ያወራሉ። እኔ ስለ ሾካብዞርበር አወራለሁ። በሪሞት የምትነዳ፣ ለአቧራና ለጉብታ የተሠራች ባጊ የምትባል መኪና አለችኝ። ስፋቷም ቁመቷም የእውነተኛዋ አንድ ስምንተኛ ነው። ክብደቷ ከ3 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። "መጫወቻ" ብሎ የሚጠራት ሰው ካለ እንቀያየማለን። መጫወቻ ዘይት አይቀየርለትም።

የምንነዳበት ሜዳ ላይ ሦስት ተከታታይ ጉብታዎች አሉ። የሌላው ሰው መኪና በላያቸው ተንሳፍፎ ያልፋል። የእኔዋ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ አፍንጫዋን ትደፋና ትገለበጣለች። ሾካብዞርበሮቿ ከገዛኋት ጀምሮ አልተነኩም። አንዱማ ያንጠባጥባል። "ዛሬ ማታ ራሴ እፈታታታለሁ" አልኩ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የጠረጴዛ ልብስ ዝም ብላ አነሳች። ልምድ ያለው ሰው አይናገርም።

እጄ ከቆሸሸ አይቀር ብዬ የመሃሉን ዲፈረንሻልም፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን፣ ፈታሁ። አራቱም ጎማዋ የሚገፋ ስለሆነ ሦስት ዲፈረንሻል አላት፤ የፊት፣ የመሃል፣ የኋላ። ሁለት ጠርሙስ አዲስ የሲሊከን ዘይት አዘጋጅቻለሁ። አንዱ ለዲፈረንሻሉ፣ አንዱ ለሾካብዞርበሮቹ። ጠርሙሶቹ መንትያ ናቸው። አንድ ቁመት፣ አንድ ክዳን፣ አንድ ቀለም። መነጽሬ መሳቢያ ውስጥ ናት። መነጽር ለሚያነብ ሰው ነው፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።

የዲፈረንሻሉ ዘይት ኮለል ብሎ እንደ ውሃ ገባ። ደስ ሲል! ክዳኑን ገጥሜ ወደ ሾካብዞርበሮቹ ዞርኩ።

ሾካብዞርበር ውስጡ ቀላል ነው። ዘይት የተሞላ ቱቦ፣ መሃሉ ላይ ዘንግ፣ የዘንጉ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ክብ ፒስተን። መኪናዋ ዘልላ ስታርፍ ፒስተኑ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ተጣቦ ያልፋል። የመውደቁ ጉልበት እዚያ ላይ ያልቃል። ሞላ ብቻውን ቢሆን ኖሮ መኪናዋ አንዴ ከነጠረች እስክትደክም ስትነጥር ትቆይ ነበር።

ፒስተኑን የምትይዘው ዳዶ ከጉንዳን ራስ ብዙም አትበልጥም። እሷ ከጣቴ አመለጠች። አንድ ሰዓት ሙሉ በጉልበቴ ዳኽኩ።

"ምን ጠፋህ?" አለች ባለቤቴ።

"ዳዶ።"

"ትልቅ ነው?"

"ዋናው ነው።"

ካልሲዬ ውስጥ ተገኘች። እንዴት እንደገባች አልተመራመርኩም።

ከዚያ ዘይት መሙላት። ጠርሙሱን ዘቀዘቅኩት፤ ምንም። ጨመቅኩት። ዘይቱ ደረጃ እንደሚወርድ አዛውንት ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደ። "ማር ነው እንዴ የምታፈሰው?" አለች ባለቤቴ እያለፈች። "ጥራት ነው" አልኳት።

መመሪያው ዘንጉን ቀስ ብለህ ከፍ ዝቅ አድርግ፣ አረፋው እስኪወጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ ይላል። ትክክል ነው፤ አየር ከቀረበት ሾካብዞርበሩ ይለሰልሳል፣ ሲሠራም ይንሿሿል። ጥቂት ደቂቃ ጠበቅኩ። አረፋዎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ የለም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። አንዷ ትልቅ አረፋ መንገድ መጀመሯን አየሁ። ሄጄ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ እሷ ደርሳለች፣ ዘመዶቿ ግን ገና መንገድ ላይ ናቸው። "ሌሊቱ ስለበረደ ነው" አልኩ። ለሁሉም ነገር ምክንያት አለኝ። እነሱን ስጠብቅ ጠርሙሱን በክርኔ ገፋሁትና ትንሽ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። በውሃ ወለወልኩት። የሲሊከን ዘይት ደግሞ ውሃን አይሰማም። ምንጣፉን ጎተት አድርጌ ሸፈንኩት።

ገጥሜ ጨረስኩና ጠረጴዛው ላይ አቆምኳት። በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኳት። ጤነኛ ባጊ ስትጫን ወርዳ ወዲያው ትመለሳለች። የእኔዋ ወረደች። ቁጭ አለች። አሰበች። ከዚያ ቀስ ብላ መነሳት ጀመረች።

"ሲነሱ ልክ እንደ አባባ ናቸው" አለች ባለቤቴ። አባባ የሷ አባት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

"እርጋታ ይባላል" አልኳት።

ቅዳሜ ሜዳ ወጣን። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። 11 ዓመቱ ነው፣ ሁሉን ይጠይቃል። ቤንዚን እንደሚሰጥ ሰው ነዳጁን ሳብ ሳደርግ፣ ማለቴ ባትሪ ናት፣ ግን አባባሉ ይጣፍጠኛል፣ የፊት ጎማዎቹ በሽክርክሪት ተነፍተው እንደ ዣንጥላ ሊዘረጉ ደረሱ። መኪናዋ ግን እንደ ጩኸቷ አልሄደችም። "አየህ ጉልበት!" አልኩት ልጁን። እሱ ዝም ብሎ የፊት ጎማዎቹን አየ።

ጉብታዎቹ ጋ ደረሰች። የመጀመሪያው ላይ ጎማዎቹ ወደ ላይ ተሰበሰቡ፣ መመለሻ ጊዜ ግን አላገኙም። ሁለተኛው ሲመጣ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሷል። ሦስተኛው ላይ እንደ ጣውላ ነጥራ አጥር ሥር ተገለበጠች። ዝላዩን ሞከርኩ። አየር ላይ ቆንጆ ነበረች። ስታርፍ የጡብ ድምፅ አወጣች።

አዋቂነቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። "ሞላው ጠንክሮባታል" ብዬ ለስላሳ ሞላ ቀየርኩ። ባሰባት፤ ለስላሳው ሞላ ያንን ዘይት ገፍቶ የሚነሳበት አቅም የለውም። ጠንካራ ሞላ አደረግኩ። አሁን ደግሞ ሰውነቷ ሁሉ እንደ አልጋ እግር ደረቀ። የሾካብዞርበሩን የላይኛ ጫፍ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ አዛወርኩ፤ ዘንበል ሲል መጀመሪያ ላይ ይለሰልሳል። ምንም። የከፍታ ቀለበቶቹን አዞርኩ። መወላወልን የሚቀንሰውን የኋላውን ብረት ነቀልኩ። የጎማ ውስጥ ስፖንጅ ላይ ጥርጣሬ ያዘኝ። አጠገቤ ሲነዳ የነበረ ሰው መጥቶ "ፒስተኑ ይሆናል" አለኝ። ቤት ገብቼ አራቱንም ፈታሁ፣ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ፒስተን ገጠምኩ፣ በዚያው ጠርሙስ ሞላሁ። ሌላ አንድ ሌሊት አረፋ ጠበቅኩ። ዳዶዋ እንደገና ጠፋች። በዚህኛው ጊዜ ካልሲዬን ቀድሜ ፈተሽኩ፤ እዚያ አልነበረችም፣ ሌላኛው ካልሲ ውስጥ ነበረች።

እሑድ ከሰዓት ልጁ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ጠርሙሱን ያገላብጣል።

"አጎቴ፣ የሾካብዞርበሩ ዘይት ስንት ነው የሚለው መመሪያው?"

"የፊቱ 500፣ የኋላው 400። እኔ ግን ለአራቱም 500 አድርጌዋለሁ። ሴንቲስቶክ ይባላል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይወፍራል። ውሃ 1 አካባቢ ነው።" አስተማሪ መሆን ደስ ይለኛል።

"ይሄ እኮ 5000 ነው የሚለው።"

"አይ፣ የመጨረሻዋ የቆሻሻ ነጥብ ናት።"

በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። አልለቀቀችም። ወደ መሳቢያው ሄድኩ። መነጽሬን አደረግኩ። ዜሮዋ ክብ፣ ጥርት ያለች፣ ማንንም የማትሸሽ ዜሮ ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ ስታየኝ ከርማለች። ዘይቱ ከሚያስፈልገው አሥር እጥፍ ወፍራም ነው። እኔ ግን ሞላ ቀይሬያለሁ፣ ፒስተን ቀይሬያለሁ፣ ስፖንጅ ጠርጥሬያለሁ።

ባለቤቴ ከማዶ "ማር ነው ብዬህ ነበር" አለች።

ሳቅኩ። ምን ላድርግ! ዜሮ ናት እኮ፣ ትንሽ ነገር። ዘይቱን ቀይሬ ነገ ሜዳ እወጣለሁ ብዬ ተነሳሁ። ልጁ ግን አልሳቀም። ሁለተኛውን ጠርሙስ አንስቶ እያነበበ ነበር።

"አጎቴ፣ ይሄኛው 500 ነው። ግማሹ የለም። የት ገባ?"

ዝም አልኩ። ኮለል ብሎ እንደ ውሃ የገባው ዘይት ትዝ አለኝ። እንደ ዣንጥላ ሊዘረጉ የደረሱት የፊት ጎማዎች ትዝ አሉኝ። የመሃሉ ዲፈረንሻል ዘይቱ ሲቀጥን ጉልበቱን ይዞ ማከፋፈሉን ይተዋል፤ ነዳጅ ሲሰጣት ፊቷ ስለሚቀል ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ያመልጣል። "አየህ ጉልበት!" ያልኩት እሱን ነበር። ለዲፈረንሻሉ የሚያስፈልገው 5000ው ደግሞ ሾካብዞርበሮቹ ውስጥ አረፋ አቅፎ ተቀምጧል።

"ካቻቪቴውን አምጣ" አልኩት።

"ምንጣፉ ላይ ነው ያለው፣ አንተ ጋ።"

ላነሳው አንድ እርምጃ ሄድኩ። ምንጣፉ ከነእኔ ጉዞ ጀመረ። ሥሩ ያለው ዘይት የትኛው እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ የወደቅኩት ቀስ ብዬ ነው። ወረድኩ። ቁጭ አልኩ። አሰብኩ።

"ሲነሱ ደግሞ እናያለን" አለች ባለቤቴ።