ነጭ በነጭ ላይ፦ የጋቢ ለባሾቹ ጭፍራ እስካሁን

ስምንተኛውን የጨዋታ ሰው ቀብቼ ትናንት ማታ ጨረስኩት። ሁለት ቀሩኝ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ የምንጫወተው ፍሮስትግሬቭን ነው፤ ትንንሽ የሰው ምስሎችን (ሚኒቸሮችን) ጠረጴዛ ላይ እያንቀሳቀስን የምንዋጋበት ጨዋታ። አንድ አስማተኛ፣ አንድ ረዳትና እስከ 8 ወታደር፣ በድምሩ 10 ሰው ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጨዋታ ሲሆን የየትኛውንም ፋብሪካ ሚኒቸር ይቀበላል። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ በእጃችን የሚገባው፣ ሰው ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው የያዘልን ብቻ ነዋ። ውጊያው የሚካሄደው ለዘመናት በበረዶ ተቀብራ በኖረች ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ነው። በረዶ ካለ ብርድ አለ፣ ብርድ ካለ ጋቢ አለ። ኅዳር ላይ በማለዳ፣ የካ አባዶ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ከፊቴ የቆሙት ሁሉ እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ እጃቸው እንኳ አይታይም። እነዚህን ሰዎች ነው የምሠራው አልኩ።

አስማተኛው ደብተራ ሆነ። በትሩን መቋሚያ አደረግኩለት፤ ባርኔጣውን ቆርጬ ጥምጣም ጠመጠምኩለት። ረዳቱ የቆሎ ተማሪ ነው፤ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ። ደበሎው ኢፖክሲ (እንደ ሊጥ ተለውሶ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ነው፤ ሳይጠነክር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየጠቀጠቅኩ ጠጉር አወጣሁለት። ወታደሮቹ 20 ሚኒቸር ከያዘ ሳጥን የወጡ፣ ቀጥ ያለ ሰይፍ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ሾተላቸውን የሠራሁት ሲም ካርዱ ተነቅሎ ከሚቀረው ፕላስቲክ ነው፤ በከተር ቆርጬ በጥፍር ሞረድ አሳሳሁት።

ከሁሉ የተደሰትኩት በጋሻው ነው። ባለ 28 ሚሊ ሜትር ሚኒቸር ከሰው 60 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው ብላችሁ ብታስቡ፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው የቆዳ ጋሻ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ስምንት ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ክብ፣ መሃሉ ሾል ያለ ነገር ቤት ውስጥ ስፈልግ እማዬን ሽምብራ ስትለቅም አገኘኋት። ሽምብራዋን ዘይት ቀብቼ በስሱ የተዳመጠ ኢፖክሲ ጫንኩባት፤ ሲጠነክር ሳይሰበር ተላቀቀ። የሽምብራዋ ሹል አፍ ሳይቀር የጋሻውን እምብርት ሠራልኝ። ኢፖክሲው ለቧንቧ መድፈኛ የሚሸጠው ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ለአንድ ጋሻ የሚበቃውን ብቻ አዋህዱ።

ጋቢው ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ሶፍት ነጣጥዬ፣ አንዱን ስስ ገጽ በውሃ በቀጠነ ኮላ ነክሬ አለበስኳቸው። እጥፋቱ በጣም ያምር ነበር፤ ነገር ግን ጋቢ አልመስል አለ፤ ነጠላ ሆነ። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። ነጠላ በብዙ ትንንሽ መስመር ይሸበሸባል፤ ጋቢ ግን ጥቂት፣ ወፋፍራም እጥፋት ነው ያለው፤ ከትከሻ ከብዶ ይወርዳል። ሁለተኛ ዙር ላይ ሶፍቱን ሳልነጣጥል ለሁለት አጥፌ ነከርኩት፤ እጥፋቱን በክብሪት እንጨት እየገፋሁ ከሦስት እንዳይበልጥ አደረግኩ። ያኔ ሰዎቹ ብርድ የገባቸው መሰሉ።

ከዚያ ቀለሙ መጣ። ነጩን ቀለም ከቱቦው አውጥቼ በቀጥታ ስቀባ ጋቢው ኖራ የተለሰነ ግድግዳ ሆነ። ጥላ የለው፣ ብርሃን የለው። ለብዙ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ የሰው ጋቢ ሳይ ከረምኩ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እንኳን ንጹሕ ነጭ የሆነው ትከሻና የእጥፋቱ ጀርባ ብቻ ነው፤ ቀሪው ግራጫና ክሬም ነው። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ መነሻው ነጭ ከጥቂት ቡናማ ጋር፣ በእጥፋቱ ጎድጓዳ ሳልነካው የሚቀር። በላዩ ነጭ ከጫፍ የኦከር ቢጫ ጋር፣ በጣም ቀጥኖ ሦስት አራት ጊዜ። ንጹሕ ነጭ በመጨረሻ፣ በጠርዝ ላይ ብቻ። ቀጭን ነጭ ቶሎ አይሸፍንም፤ አትቸኩሉ። በጋ ላይ ቀለሙ ሳህን ላይ እያለ ስለሚደርቅብኝ፣ የምሳ ዕቃ ክዳን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፌ ነው የምበጠብጠው። አንድ ምሽት የበጠበጥኩት በማግስቱም ይሠራል።

ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ነጭ በረዶ ላይ ሲቆም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሁለቱ ይዋሐዳሉ። መፍትሔው ጥላቸውን መለየት ሆነ። የጋቢው ጥላ ወደ ቡናማ፣ የበረዶው ወደ ሰማያዊ። በረዶውን በቤኪንግ ሶዳ እንዳትሠሩት፤ እየቆየ ቢጫ ይሆናል። እኔ እብነ በረድ ከሚቆርጡ ልጆች የለመንኩትን ዱቄት ነው በኮላ ያደረግኩት።

ፊታቸውን ስቀባ የመጀመሪያው ሰው አመዳም ሆነብኝ። ጠይም ቆዳን ለማብራት ነጭ መጨመር ስህተት ነው። ጥቁር ቡናማ መነሻ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ትንሽ ኦከር። ነጭ የሚገባው ዓይን ላይ ብቻ ነው።

ስለ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት ስለሚረጨው መነሻ ቀለም) አንድ ነገር ብቻ፦ በረንዳ ላይ ነፋስ እያለ አትርጩ። ጠብታው ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና ሚኒቸሩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ለመኪና የሚሸጠውን ስፕሬይ ደግሞ አስቀድማችሁ ከሳጥኑ በተረፈ የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። እኔ ሳልሞክር ረጭቼ የአንዱ ጦረኛ ፊት ቀለጠ።

አሁን ወደ ጥለቱ። አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ መስመር ናት። ቀዩን አስቀድሜ ወፈር አድርጌ እቀባና ከላይና ከታች በጋቢው ቀለም አጠብበዋለሁ፤ ከዚያ በብሩሽ ጫፍ ቢጫና አረንጓዴ ነጥብ። ንድፉን ለማየት ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄጄ ከሱቅ ሱቅ ዞሬያለሁ። ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጦረኞች ጥለት ለእጄ ስለሚመች አንገታቸው ላይ ነበር የሠራሁት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አንዱን አነሳች፤ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ሌሎቹን አየች።

«ልጄ፣ ማን ሞቶባቸው ነው?»

ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገት ላይ ሲውል ለቅሶ ነው። ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ በየለቅሶ ቤቱ አይቻለሁ፤ እጄ ግን አላወቀውም ነበር። ሁለቱን በዚያው ሳምንት አጥፍቼ ጥለታቸውን ከግርጌ ሠራሁ። ሦስተኛው ተራውን እየጠበቀ ሳለ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሦስተኛውን ጨዋታ ተጫወትን፤ አንድ ቀስተኛዬም ወደቀ። ከጨዋታ በኋላ ለወደቀ ወታደር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ከ1 እስከ 4 ከወጣ ሞቷል። 3 ወጣ። ሚኒቸሩ ለአዲስ ቅጥር ያገለግላል፤ ሰውየው ግን የለም። ያን ባለ ለቅሶ ጋቢ ጦረኛ ሳላርመው ተውኩት፤ የሟቹ ወንድም ሆነ። እስከ አርባው ጥለቱ ከላይ ይቆያል። ለጭፍራችን አርባ ማለት አራት ጨዋታ ነው ብለን ተስማምተናል፤ ሁለቱን ተጫውተናል።

ከቀሩት ሁለት ሰዎች አንዱ አለቃቸው ነው፤ ጎፈር እንዲደፋ እፈልጋለሁ። ኢፖክሲ በመርፌ እየጫርኩ ሞከርኩ፤ የአንበሳ ጋማ ሳይሆን የሣር ባርኔጣ መሰለ። የበግ ሱፍ በኮላ ደግሞ ለዚህ መጠን ወፈረብኝ። ቀጭን ጠጉር በዚህ መጠን የሠራችሁ ካላችሁ በምን እንደሠራችሁት ንገሩኝ፤ የአለቃውን ራስ ገና አላጣበቅኩትም።