ሁለተኛ አፍ መፍቻ

በአንድ ማተሚያ ቤት 31 ዓመት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ አጎንብሼ የተዛነፈውን ፊደል፣ የጎደለውን ነጥብ በቀይ እስክሪብቶ መልቀም ነበር። ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር፣ ሐዋሳ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ለሁለት ሳምንት ስሄድ፣ ቀዩን እስክሪብቶ የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ እንደሚረከበኝ አላወቅኩም ነበር።

አውቶቡሱ ከቃሊቲ የተነሣው ሳይነጋ ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ከታጠፈ በኋላ ቆቃን አልፎ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን እየታከከ ይወርዳል። እኔ መስኮት አጠገብ መቀመጥ የምወደው ለተራራውና ለግራሩ ብቻ ብዬ አይደለም፤ የከተሞቹን ስም ለማንበብም ነው። አንዷ ከተማ በአንዱ ሰሌዳ ላይ ባቱ፣ በሰው አፍ ደግሞ ዝዋይ ናት። በሐይቋ ደሴቶች ላይ ዛይኛ ይነገራል፤ ከአማርኛ ጋር በሥጋ የሚዛመድ ቋንቋ ነው፣ እኔ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሰምቼበት አላውቅም። ከሰማንያ በላይ ቋንቋ በሚነገርባት አገር 61 ዓመት ኖሬ፣ ከአማርኛ ሌላ የማውቀው በትምህርት ቤት የተማርኩትን እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ይህ ነገር ከመቂ እስከ አርሲ ነገሌ ድረስ ሲከነክነኝ ሄደ። ሻሸመኔን አልፈን ጥቁር ውሃን ስንሻገር ሐይቁ በስተቀኝ ብልጭ አለና ሐሳቤን አስጣለኝ።

አማቼ ሲዳማ ነው። እናቱ 72 ዓመታቸው ሲሆን በዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ቤት ይኖራሉ። ቤቱ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፣ እኔም እማማ አልኳቸው። በሠርጉ ጊዜና ልጁ በተወለደ ጊዜ ተገናኝተናል፤ ሁለቱንም ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ፈገግ ብለን፣ በአስተርጓሚ ተነጋግረን ተለያይተናል። እርሳቸው አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ነው። እኔ ሲዳምኛ የማውቀው ለምንም ያህል አልነበረም።

በመጣሁ በማግስቱ ማታ የልጅ ልጄ ደብተሩን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛ ክፍል ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ ክልል ከሆነ ወዲህ ሲዳሙ አፎ፣ እኛ ሲዳምኛ የምንለው፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ልጁም ይማረዋል። በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ማንበብ አያቅተኝም ብዬ ደብተሩን ሳብ አድርጌ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቆመኝ።

«አባባ፣ ይሄ ኤክስ አይባልም። ‹ጠ› ነው።»

ኪው የሚባለውም «ቀ» ነው። ሁለት ፊደላት ተጣምረው ደግሞ አማርኛ የሌለውን አንድ ድምፅ ይሰጣሉ፤ «ደ» ሊመስል ይጀምርና አየሩን ወደ ውጭ መልቀቅ ትቶ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ልጁ ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ አሳየኝ፣ የእኔንም ጣት ወስዶ በራሴ ጉሮሮ ላይ አስቀመጠ። አሥር ጊዜ ያህል ሞከርኩ። በአሥራ አንደኛው «ቀረብ ብሏል» አለኝ፤ መምህሩ የሚሉትን መሆን አለበት። ያች «ቀረብ ብሏል» ያስደሰተችኝን ያህል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ጥሩ ሠርተሃል» ሲሉኝ የተደሰትኩ አይመስለኝም።

አፎ ማለት አፍም ነው፣ ቋንቋም ነው። እኛ ሰው በሕፃንነቱ የለመደውን ቋንቋ የአፍ መፍቻ እንለዋለን፤ የታሰረ አፍ የሚፈታበት ማለታችን ነው። በስድሳ አንድ ዓመት አፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈታ እንዴት ያለ ስሜት እንዳለው ያወቅኩት ያን ዕለት ማታ ነው። አንደበት ይደክማል፤ የመንጋጋ ጡንቻ ይዝላል። ከዚያ አንድ ቃል ድንገት በትክክል ይወጣና ልጁ ያጨበጭባል።

በማግስቱ ማልጄ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ፣ መረቡ ሲራገፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ራሰ በራቸውን ቀብረው እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ተራቸውን ሲጠብቁ ማየት የሐዋሳ ሰው የዘወትር ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቢቆም የማይጠገብ ነው። ወጣቶቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላዋ ሲከፍቱት፣ ቅርፊቱንና አጥንቱን ከሥጋው ሲለዩት ዓይን አይከተላቸውም። አምባዛው ለብቻው ይደረደራል። አንዱን ወጣት እንዴት እንደሚቆጠር ጠየቅኩት። ቢላዋውን ሳያስቀምጥ፣ እያንዳንዱን ዓሣ እየነካ ቆጠረልኝ፦ ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ፣ ሾሌ፣ ኦንቴ፣ ሌ፣ ላማላ፣ ሴቴ፣ ሆንሴ፣ ቶኔ። ሁለት ላሜ፣ ሰባት ላማላ። ሰባትን ሁለተኛ ልረሳው አልቻልኩም፤ ከአምስት በላይ ያለች ሌላ ላሜ ናት ብዬ ያዝኳት። የዓሣ ሾርባ በዳጣ አዝዤ በጀልባዎቹ ትይዩ ተቀመጥኩና የሚያልፉትን አባ ኮዳዎች በሲዳምኛ ቆጠርኩ። ከቶኔ በላይ ስለማላውቅ አሥር ላይ ስደርስ እንደገና ከሚቶ እጀምራለሁ።

ጠዋቱ ገፋ ሲል ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻ በኩል በእግሬ ተመለስኩ። ከዋርካዎቹ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ሰው ያያሉ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ቤት።

በዚያ ሳምንት እማማን በቅርብ አየኋቸው። ሰምቼ የማላውቀውን አንድ ነገር ከእርሳቸው ቤት ተማርኩ። ልጁ ከአባቱ የሚሰማው ቃል አንድ ሆኖ፣ አያቱ ለዚያው ነገር ሌላ ቃል ሲያወጡ ብዙ ጊዜ ተመለከትኩ። አማቼን ጠየቅኩት። ባሊሻ ይባላል አለኝ። በሲዳማ ባህል ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ መጥራት ብቻ አይደለም፣ በዚያ ስም የመጀመሪያ ድምፅ የሚጀምሩትንም ቃላት ትተዋቸዋለች። ስለዚህ ለዕለት ተዕለት ነገር ሁሉ ምትክ ቃል ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ቃል ከሴት ወደ ሴት የሚወራረስ ነው፣ አንዳንዱ የነገሩን መልክ ወይም ሥራ የሚገልጽ ነው። የእማማ አማት ከሞቱ ብዙ ዓመት አልፏል። እርሳቸው ግን ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ በአክብሮት ይዘልሉታል። የሰውየውን ስም አማቼ በጆሮዬ ነግሮኛል፣ እዚህ ግን አልጽፈውም፤ እማማ ዕድሜ ልካቸውን ያልጠሩትን እኔ ወረቀት ላይ ላሰፍረው አይገባም።

እናቴም በመንዝ የባሏን ወንድሞች በስማቸው አትጠራም ነበር። ለእያንዳንዳቸው የማዕረግ መጠሪያ አውጥታላቸው ነበር። ይህንን ለእማማ በአማቼ በኩል ስነግራቸው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝና ረጅም ነገር ተናገሩ። አማቼ ሲተረጉመው አጭር ሆነ፦ «እኚህ ሰው ዘመድ ናቸው።»

ከሁሉም የበለጠው የሆነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ ደብተሩን ጥሎት ሄደ። እማማ አነሡት፣ ገለጥ ገለጥ አደረጉና መልሰው አስቀመጡት። «አይታወቅም» አሉ በአማርኛ። ማንበብ አይችሉም ብዬ አሰብኩ፤ ተሳስቼ ነበር። የቤቱን የስልክ ደብተር አንሥተው፣ በልጄ እጅ በአማርኛ የተጻፈውን የሰው ስም ሁሉ እየጠሩ አነበቡልኝ። እማማ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ወደ 15 ቋንቋዎች ሲሰፋ ሲዳምኛም አንዱ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። በላቲን መጻፍ የተጀመረው በኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ እርሳቸው ቋንቋውን ከነነፍሱ ያውቁታል፣ የልጅ ልጃቸው የሚጽፍበትን ፊደል ግን አያውቁም። እኔ ፊደሉን አነባለሁ፣ የማነበውን ግን አላውቅም።

እናቴ ትዝ አለችኝ። እርሷም በዚያው ዘመቻ፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በፋኖስ ብርሃን ተማረች፤ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ መንገድ መሐል ቆመችና ቀና ብላ «ሱ… ቅ» አለች። ሱቁን ሃያ ዓመት ስትገዛበት ኖራለች። እስኪመሽ ድረስ እዚያ ቆማ ብታነበው አይሰለቻትም ነበር።

ወንበሬን ወደ እማማ አስጠጋሁ። ደብተሩን ገለጥኩና በላቲን የተጻፈውን እየነጠልኩ አነበብኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ እርሳቸው ቃሉን ያውቁታል፤ በትክክል ይጠሩታል፤ እኔ እደግመዋለሁ። ከዚያ ወደ ዕቃው ይጠቁማሉ። ዋ፣ የውሃውን እንስራ። አዶ፣ ወተቱን። ሚኔ፣ ቤቱን። አና ስል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ነ»ዋን አጥብቀው ደገሙልኝ፤ አባት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአራሚነቴ ነገር ገባ። አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ገና ገና አልደረሰም» ብለን ስንጽፍ አንዱ «ገና» በዓል እንደሆነ፣ አንዱ ደግሞ ጊዜ እንደሆነ የሚያውቀው አንባቢው ነው፤ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፣ ወረቀቱ ግን ዝም ይላል። በሲዳሙ አፎ አጻጻፍ የሚጠብቀው ተነባቢ በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ የሚረዝመው አናባቢም እንዲሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በጆሮዬ ብቻ ስጠብቀው የኖርኩትን ነገር በዓይኔ አየሁት። አዲስ ደብተር አስገዛሁና የልጁን ትምህርት ገጽ በገጽ ወደ ግዕዝ ፊደል ገለበጥኩላቸው። በሚጠብቀው ፊደል ላይ፣ አንዳንድ ሊቃውንት በመዝገበ ቃላት እንደሚያደርጉት፣ ነጥብ አስቀመጥኩበት። እማማ መነጽራቸውን አድርገው የልጅ ልጃቸውን የሁለተኛ ክፍል ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡ። ነጥቦቹ ለእኔ እንጂ ለእርሳቸው አላስፈለጓቸውም።

ማታ ልጁ ሲመጣ አያቱ ትምህርቱን በቃላቸው ጠየቁት። ደንግጦ አየኝ፤ እኔ ወደ ደብተሩ ጠቆምኩ። ያን ዕለት በእርሳቸው ቤት ቡርሳሜ በላን፤ ዋሳው፣ የእንሰቱ ምግብ፣ በቅቤ ታሽቶ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ትኩስ ትኩሱን ቀረበ። ስንበላ የሳምንቱን ቀናት አስተማሩኝ። የሲዳማ የቀድሞው ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ድኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። በየቀኑ ስም የሚቆም ገበያ አለ። የዘመን መለወጫውን፣ ፊቼ ጫምባላላን፣ አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው ቀኑን የሚያሳውቁት። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ለበዓሉ እንድመጣ ጋበዙኝ። እስከዚያ አንድ ሺህ ቃል እንደምደርስ ቃል ገባሁላቸው፤ አሁን ወደ ሁለት መቶ ሆኛለሁ። በቀን አምስት ይበቃኛል።

በመጨረሻው ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሁሉም ሸኙኝ። «ኬሬ» አሉኝ እማማ፣ ሰላም ማለታቸው ነው። «ኬሬ» አልኩ። ልጁ በቀይ እስክሪብቶ ያረመልኝን ገጽ ቀድዶ በኪሴ ከተተልኝ።

አውቶቡሱ ከከተማዋ ሳይወጣ በመስኮቱ በኩል አንድ ሰሌዳ አየሁ። የላቲኑን ፊደል ሳልነጣጥል፣ በአንድ እስትንፋስ፦ ሮሱ ሚኔ። ሮሱ ትምህርት ነው፣ ሚኔ ቤት ነው። ጮክ ብዬ እንዳነበብኩት ያወቅኩት አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ዘወር ሲሉ ነው። ቃሉን በራሳቸው ዜማ መልሰው ጠሩልኝ። ደገምኩት። አሁንም ጠሩልኝ። ጥቁር ውሃን ተሻግረን ሻሸመኔ እስክንደርስ ድረስ እርሳቸው በመንገድ ዳር ያለውን ሁሉ እየጠሩልኝ፣ እኔ እየደገምኩ ሄድን።