«ታሟል» ተባልኩ

ድሬ ላይ ስትወፍር የሚጨነቅልህ የለም። ቢበዛ «አቦ ተመችቶሃል!» ብለው ትከሻህን ቸብ ያደርጉሃል። ጣጣው ስትከሳ ነው።

ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው። የሙሽራ ወንድም ነኝና ሱፍ መልበስ ግድ ነው። ያለኝ ሱፍ ጥሩ ሱፍ ነው፤ ቁልፉና ቀዳዳው ግን ከተኳረፉ ቆይተዋል። አዲስ ልግዛ እንዳልል፣ የዘንድሮን የሱፍ ዋጋ የጠየቀ ያውቀዋል። ሱፉ ካልሰፋ እኔ ልጥበብ አልኩ።

እንጀራ ቀረ። ዳቦ ቀረ። ሻይ ያለ ስኳር ሆነ፤ ይሄ ድሬ ላይ ነውር ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ። ማሞቅ እንኳ አላስፈለገኝም። የቧንቧ ውሃችን ሲመጣ ሞቆ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ነው ያልኩት።

ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ክፋቱ ኪሎህን በጆሮህ አይነግርህም፤ ያውጃል። «89!» ብሎ ሲጮኽ ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ዞረው ሆዴን አዩት። በሳምንቱ ስመለስ «85!» አለ። አጨበጨቡልኝ። አንዱማ «ወሪያ፣ አሁንማ ከኋላ ካንተ ጋር ሌላ ሁለት ሰው ይገባል!» አለኝ።

ነርስ የሆነችው የታላቅ እህቴ ልጅ ናት ደስታዬን ያበላሸችው። «አጎቴ፣ አብዛኛው ውሃ ነው» አለችኝ። ጉበትና ጡንቻ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ስኳር አለ። አንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ስትቀንስ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው፤ ውሃውም አብሮት ይወጣል። ስቡ ገና ወሬውን አልሰማም።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ አለ፣ ረሃቡ ፈጠነ። ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ቸስ ሲል ስለሚሰማኝ በቀፊራ ገበያ በኩል ማለፍ ተውኩ። እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬን ይዤ የዶሮ ወጥ አሠራር አያለሁ። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ ሳልዘል ነው የማየው።

«ይሄ የታወቀ ነው» አለች ነርሷ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1945 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለጥናት ተራቡ። ለ24 ሳምንት በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ ተሰጣቸው። ሰዎቹ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ማውራት ጀመሩ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡም ነበሩ። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ ነው። ያኔ ለረሃብ ጥናት የተሰጠው ምግብ ዛሬ ዳይት ተብሎ ከሚታዘዘው ብዙም አያንስም።

ጓደኛዬ ደግሞ የራሱ መፍትሔ ነበረው። «አቦ ምን አስጨነቀህ? ቃም!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ምርቃናው ሲወርድ ግን ምሳና እራትህን አንድ ላይ ነው የምትጠየቀው። ከጫቱ ጋር የጠጣሁትን ለስላሳና የቆረጠምኩትን ለውዝ ተዉት።

ይሄ ሁሉ እየሆነ ለካ ሰፈሩ ስለ እኔ ስብሰባ ተቀምጧል። «ፊቱን አየሽው?» «ስኳር ነው መሰለኝ።» «ኧረ ጉበት ነው የሚሉት፣ ለእናቱ እንዳትነግሪያት።»

እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። የሰፈር እናቶች በሰልፍ ገቡ። አንዷ አጥሚት በፔርሙስ፣ ሌላዋ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል፣ የማዶዋ ጎረቤታችን ሩዝ በሥጋ በትልቅ ሰሃን ከነክዳኑ። ከሐረር የመጣ ሐላዋም ነበረ። የአራስ ምግብ የሆነው ገንፎ እንኳ ተሠራልኝ። መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬው ያብረቀርቃል፤ ዳሩ ላይ እንፋሎቱ ገና አልበረደም። ምራቄን ስውጥ ሁሉም ሰማኝ።

«አይ፣ በቃኝ» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዳር በኩል አንዷ በሹክሹክታ «እህልም አልገባ ብሎታል» አለች። ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ! ሆን ብዬ ነው የማልበላው!» አልኩ። ባሰ። ሆን ብሎ የሚራብ ሰው ጤነኛ ነው? አንዷ ጠበል አነሳች። የማዶዋ ጎረቤታችን ደግሞ ቁርኣን የሚቀሩ አንድ ሼህ አውቃለሁ፣ ነገውኑ ላምጣቸው አለች። ጤነኛ መሆኔን የማስረዳበት መንገድ አንድ ብቻ ቀረ። ማንኪያውን አነሳሁ።

«ተመስገን! በላ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያማ ጉርሻው ዘነበ። «በሞቴ!» «እኔ ልሙት፣ ይቺን ብቻ!»

ነርሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትስቃለች። «አጎቴ፣ እነሱ ባይመጡም ትበላ ነበር» አለችኝ። ስቡ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ለአእምሮ «ጠግበናል» የሚለው እሱ ነው። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑም ይቀንሳል። ከጨጓራ የሚመጣው ግሬሊን ደግሞ ይጨምርና «አምጡ» ይላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 በወጣ ጥናት፣ ለ10 ሳምንት በጥብቅ ዳይት ኪሎ የቀነሱ ሰዎች ሆርሞናቸው ዓመት ቆይቶም ወደ ቦታው አልተመለሰም። በቴሌቪዥን የክሳት ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ደግሞ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው፣ ሰውነታቸው በቀን የሚያቃጥለው ከሚጠበቀው ወደ 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹም የጣሉትን ኪሎ አብዛኛውን መልሰዋል።

«ሰውነትህ ስለ ሰርጉ ምን ያውቃል? ድርቅ የገባ ነው የሚመስለው» አለች፣ ሐላዋዬን እያነሳች።

ጠያቂው ለሳምንታት አልተቋረጠም። ሰርጉ ሲቃረብ ከዚራ ሄድኩ። «91!» አለ ልጁ፣ በሙሉ ድምፁ። አሁን ያጨበጨበ ሾፌር የለም። ልጁ ግን አዘነልኝ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ ጋሼ፣ ሁሉም ይመለሳል። ባትመለሱ እኔ በምን እበላ ነበር?» አለኝ።

ሰርጉ ቀን የድሬ ፀሐይ እንደ ልማዷ ናት። ገና ረፋዱ ላይ ሙሽራው ኮቱን አወለቀ። ሚዜዎቹ ተከተሉት። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ የቆለፈ አንድ ወንድ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። እኔም የእኔን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ምግቡ ሰልፍ ሄድኩ። ከወጡ በላይ የቆመችው ያቺ ጠበል ያነሳችው ጎረቤታችን ነበረች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ጭልፋውን እንደያዘች እልል አለች።

«ዳነ! ጨምሩለት!»